ከወንዝ የመጡ ቴትራዎች፦ 40 ገዝቼ 3 ከቀሩልኝ በኋላ የተማርኩት

በፈረንጆቹ ጥር 2022 በአንድ ብርዳማ ማለዳ ካርዲናል ቴትራ የተባሉ 40 ትናንሽ ዓሦች በስታይሮፎም ሣጥን ታሽገው አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ ከሚገኘው ቤቴ ደረሱ። መጋቢት ሲያልቅ በሕይወት የቀሩት 3 ብቻ ነበሩ። ያን ጊዜ ዓሣ ማሳደግ ከጀመርኩ 9 ዓመት ሆኖኝ ስለነበር ራሴን ከጀማሪ አልቆጥርም ነበር፤ ጋፒ አራብቻለሁ፣ የኮሪዶራስ እንቁላል ሲፈለፈል አይቻለሁ፣ ለሁለት ጓደኞቼም ገንዳ አቋቁሜያለሁ። ጥፋቴም የመነጨው ከዚሁ ነው፤ በእርባታ ያደጉ ዓሦችን ማኖር ስለቻልኩ ከወንዝ የተያዙትንም የምችል መሰለኝ። ይህን የምጽፈው ተመሳሳይ ነገር ያሰባችሁ ሰዎች እኔ በ37 ዓሦች የገዛሁትን ትምህርት በነፃ እንድታገኙት ነው።

አስቀድሜ ስለ ዓሣው ጥቂት ልበል፤ ኋላ የደረሰው ነገር ሁሉ ዓሣው ከመጣበት ውሃ ጋር የተያያዘ ነውና። ካርዲናል ቴትራ አድጎ እንኳ ከ5 ሴንቲ ሜትር የማያልፍ፣ በጎኑ ላይ ከላይ ደማቅ ሰማያዊ፣ ከሥሩ ቀይ መስመር የተሰመረበት ትንሽ ዓሣ ነው። የቅርብ ዘመዱ በሆነው በኒዮን ቴትራ ላይ ቀዩ መስመር የሚጀምረው ከወገቡ ሲሆን በካርዲናሉ ላይ ግን ከራስ እስከ ጅራት ይዘልቃል። በየሱቁ የምናየው ኒዮን ከሞላ ጎደል በሙሉ በእርባታ የተገኘ ነው፤ ካርዲናሉ ግን፣ አሁን አሁን በእርባታ የሚገኝ ቢኖርም፣ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በብዛት የመጣው ከብራዚሉ የሪዮ ኔግሮ ወንዝና ከገባሮቹ ነው። ወንዙ ስሙ እንደሚለው ጥቁር ነው፤ በጎርፍ በተጥለቀለቀ ጫካ ውስጥ ቅጠልና እንጨት እየዘፈዘፈ ስለሚያልፍ ቀለሙ የቆየ ሻይ ይመስላል፣ የሟሟ ማዕድን የለበትም ማለት ይቻላል፣ ፒኤቹም (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) 5 እና ከዚያ በታች ይወርዳል። ባርሴሎስ በተባለችው ከተማ ዙሪያ ብዙ ቤተሰቦች እነዚህን ዓሦች በእጅ መረብ እየያዙ ይተዳደራሉ። ውሃው ሲጎድል እየደረቁ በሚሄዱ ኩሬዎች ውስጥ የሚቀረው ዓሣ አብዛኛው ያለዚያም የሚሞት በመሆኑ፣ ከ1989 ጀምሮ የሚሠራው ፕሮጀክት ፒያባ «ዓሣ ግዛ፣ ዛፍ አድን» እያለ ይህን ሙያ ይደግፋል። ለሰዎቹ ከዓሣው ገቢ እስካለ ድረስ ጫካውን የሚመነጥሩበት ምክንያት ይቀንሳል ነው ነገሩ። የዱሩን የመረጥኩት ይህን ሰምቼ ነበር፤ ምርጫዬን ዛሬም አልጸጸትበትም። በነገራችን ላይ የቴትራዎች አፍሪካዊ ዘመዶች በእኛው በባሮና በኦሞ ወንዞችም አሉ፤ በጫሞ ሐይቅ ጥርሱን አግጥጦ የሚዞረው ታይገርፊሽ እንኳ ከዚያው ወገን ነው፣ ገንዳ ውስጥ ባይመከርም።

ወደ ሣጥኑ ልመለስ። ዓሦቹ ከሌላ ግዛት ከሚገኝ አስመጪ ተልከው 30 ሰዓት ያህል በላስቲክ ውስጥ ቆይተዋል። እኔም ለጋፒዎቼ የማደርገውን አደረግሁ፤ ላስቲኩን ከፍቼ በቀጭን ቱቦ የገንዳዬን ውሃ ጠብ ጠብ እያልኩ ለሁለት ሰዓት ተኩል አለማመድኳቸው። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ያደረግሁት ምን እንደሆነ የገባኝ ከወራት በኋላ ነው። ዓሣ በታሸገ ላስቲክ ውስጥ ሲተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠራቀምና የውሃው ፒኤች ይወርዳል፤ ከሰውነታቸው የሚወጣው አሞኒያም ፒኤቹ ዝቅ ባለበት ውሃ ወደ አሞኒየም ተለውጦ ብዙም ሳይጎዳቸው ይቆያል። ላስቲኩ ሲከፈት ግን ጋዙ ይተንናል፣ ፒኤቹ ይወጣል፣ ያ ሁሉ አሞኒየም ወደ መርዛማው አሞኒያ ይመለሳል። እኔ ደግሞ ፒኤቹ 7.6 የሆነውን የቧንቧ ውሃዬን እየጨመርኩ ነገሩን አፋጠንኩትና በዚያ መርዝ ውስጥ ለሁለት ሰዓት ተኩል አቆየኋቸው። በማግስቱ ጠዋት 11 ዓሦች ከገንዳው ወለል ላይ ወድቀው አገኘሁ።

ስለዚህ ረጅም መንገድ የተጓዘ ዓሣ ሲደርሳችሁ ላስቲኩን ሳትከፍቱ ገንዳው ላይ ለ20 ደቂቃ ያህል አንሳፍፉት፤ ሙቀቱ ከተስተካከለ በኋላ ክፈቱ፣ ዓሦቹን በመረብ አውጥታችሁ ወዲያውኑ ተቀባዩ ውሃ ውስጥ አስገቧቸው፣ የላስቲኩን ውሃ ግን ድፉት። ይህ የሚሆነው በእርግጥ ተቀባዩ ውሃ አስቀድሞ ለእነርሱ ተስማሚ ሆኖ ሲጠብቃቸው ነው። እኔ ያላደረግሁት ሁለተኛው ነገር ይኸው ነበር።

ለይቶ ማቆያ ገንዳ አልነበረኝም። ዓሦቹን በቀጥታ ያስገባኋቸው 200 ሊትር ወደሚይዘውና ጋፒዎች፣ 6 ኮሪዶራሶችና ሁለት የጎለመሱ ኤንጀልፊሾች አብረው ወደሚኖሩበት የጋራ ገንዳ ነበር። ኤንጀልፊሾቹን ከትንሽነታቸው ጀምሮ ያሳደግኋቸው በመሆኔ ገራም ናቸው ብዬ አምን ነበር፤ ከኒዮኖች ጋርም ለዓመት በሰላም ኖረዋል። ሆኖም እነዚያ ኒዮኖች ኤንጀልፊሾቹ ገና ትናንሽ ሳሉ አብረዋቸው ያደጉ ነበሩ፤ አዲስ የመጡት ካርዲናሎች ግን 2 ሴንቲ ሜትር እንኳ የማይሞሉ፣ በጉዞ የደከሙና የፈሩ ነበሩ። በተፈጥሮ አገራቸው ኤንጀልፊሽ ይህን የመሰለ ትንሽ ዓሣ የሚበላ መሆኑን እያወቅሁ «የእኔዎቹ እንዲህ አይደሉም» ማለቴ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሬሳቸው ሳይገኝ 7 ጠፉ።

ሦስተኛውን ስሕተት የሠራሁት ከጭንቀት የተነሳ ነው። ከመተኛቴ በፊት ድንገት መብራት ሳበራ ካርዲናሎቹ ቀለማቸው ጠፍቶ፣ ሰማያዊውም ቀዩም ፈዝዞ አመድ መስለው አየሁ። በድንጋጤ የውሃው ጠባይ ነው ብዬ ፒኤች ማውረጃ ፈሳሽ ገዛሁ። የቧንቧ ውሃችን ካርቦኔት ያለበት ስለሆነ ፈሳሹን ስጨምር ፒኤቹ ወደ 6.4 ይወርድና በማግስቱ ተመልሶ 7.4 ይደርሳል፤ እኔም ተመልሼ እጨምራለሁ። ለአምስት ቀን ዓሦቹን እንደ ዥዋዥዌ አወጣኋቸው፣ አወረድኋቸው። በኋላ እንደተረዳሁት የመጀመሪያው ድንጋጤ ራሱ ከንቱ ነበር፤ ካርዲናል ቴትራ በጨለማ ቀለሙን ማደብዘዙ የተፈጥሮው ነው፣ መብራት በርቶ ጥቂት ደቂቃ ሲቆይ ይመለሳል። ሊያሳስባችሁ የሚገባው ቀን ሙሉ ፈዝዞ የሚውለው፣ ከመንጋው ተለይቶ ጥግ የሚይዘውና ሆዱ ወደ ውስጥ የገባው ነው።

በ12ኛው ቀን ነጭ ነጠብጣብ በሽታው መጣ፤ ዓሣ አሳዳጊዎች ኢክ የምንለው ማለት ነው። ዓሦቹ ጨው የተነሰነሰባቸው መሰሉ። መድኃኒቱን በማሸጊያው ላይ እንደተጻፈው ሙሉውን መጠን ጨመርኩ፣ በዚያው ቀንም ሙቀቱን ወደ 31 ዲግሪ ከፍ አደረግሁ። ቴትራዎች ማላካይት ግሪን ላለባቸው መድኃኒቶች በቀላሉ የሚጎዱ መሆናቸውን አላወቅሁም፤ ውሃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን እንደሚቀንስና ተጨማሪ አየር መንፊያ እንደሚያስፈልግም አላሰብኩም። ከካርዲናሎቹ አልፎ ሁለት ኮሪዶራሶቼም ሞቱ። አንባቢ ሆይ፣ ለቴትራ መድኃኒት የምትሰጡ ከሆነ በግማሽ መጠን ጀምሩ፤ አየር መንፊያውን ሳትሰኩም ማሞቂያውን አትንኩ። መድኃኒቱ የሚገድለው ተባዩ ከዓሣው ገላ ወጥቶ በውሃ ውስጥ ሲዋኝ ብቻ ስለሆነ ነጠብጣቡ ከጠፋ በኋላም ሕክምናውን ለብዙ ቀናት መቀጠል ያስፈልጋል።

ነገሩ የተለወጠው በሁለት ሰዎች ምክንያት ነው። አንደኛው በአካባቢያችን የዓሣ አሳዳጊዎች ማኅበር የተዋወቅሁት፣ ለብዙ ዓመታት የዱር ዓሣ ያሳደገ አረጋዊ አሜሪካዊ ነው። ቤቴ መጥቶ ወንበር ስቦ ሲቀመጥ ዓሦቹን ከማየቱ በፊት የጠየቀኝ የውሃውን ፒኤች ሳይሆን ቲዲኤሱን፣ ማለትም በውሃው ውስጥ የሟሟውን ነገር መጠን ነበር። መለኪያው አልነበረኝም። ከኪሱ እስክሪብቶ የምታህል መሣሪያ አውጥቶ ለካና «250 ነው፤ እነዚህ ዓሦች የመጡት ይህ ቁጥር ከ20 ከማይበልጥበት ውሃ ነው» አለኝ። ወዲያው ግን «ወንዙን እዚህ ልሥራ ብለህ ደግሞ አትልፋ፤ ሁለት ነገር ብቻ አስብ፦ ለስላሳ (የሟሟ ማዕድን ያነሰበት) ውሃና የማይለዋወጥ ውሃ። ቢቸግርህ የማይለዋወጠውን ምረጥ» ሲል አከለ።

ሁለተኛዋ እናቴ ናት። ከደሴ ስትደውል ስለ ዓሦቹ ሞት ነግሬያት ነበርና «አንተ ልጅ፣ እንግዳ ከሩቅ መንገድ ሲገባ እግሩን አጥበው፣ ቀማምሶ ጋደም እንዲል ያደርጉታል እንጂ የሠርግ ቤት ግርግር መሃል ይጥሉታል እንዴ?» አለችኝ። ዓሣ እግር የለውም ብዬ ብስቅባትም ነገሩ ከሐሳቤ አልወጣም። ያጎደልኩት የማረፊያ ክፍሉን ነበር።

ከዚያ በኋላ ለአንድ ዓመት ተኩል የዱር ዓሣ አልገዛሁም። ኤንጀልፊሾቹን ለሚያሳድጋቸው ሰው ሰጠሁ። ጋፒዎቹ ማዕድን የበዛበት ጠንከር ያለ ውሃ የሚወዱ ስለሆኑ እነርሱንም ሸኘኋቸው፤ አንዱ የሚወደው ውሃ ሌላውን የሚጎዳ ከሆነ አብሮ መኖር የሚባለው ነገር ስም ብቻ ነው። በሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚያጣራ፣ የሟሟ ማዕድንን የሚያስቀር አነስተኛ መሣሪያ ከማጠቢያው ሥር አስገጠምኩና የትልቁን ገንዳ ውሃ በየሳምንቱ 20 በመቶ እየቀየርኩ በሁለት ወር ውስጥ ቲዲኤሱን ከ250 ወደ 100 አካባቢ አወረድኩት። ፒኤቹ ያለ ምንም ፈሳሽ በራሱ ጊዜ ወደ 6.4 ወርዶ እዚያው ረጋ። ከዚያ በታች እንዲወርድ አልፈለግሁም፤ ፒኤች ከ6 በታች ሲሆን አሞኒያን የሚያስወግዱት ባክቴሪያዎች ሥራቸው ስለሚዳከም ለጋራ ገንዳ አያዛልቅም።

እዚህ ላይ ስለ ቧንቧ ውሃ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ብዙዎቻችን ያደግነው ውሃ በባልዲ አሳድረን ክሎሪኑ ሲተን በመጠቀም ነው፤ እኔም ለዓመታት እንዲያ አደርግ ነበር። በዋሽንግተንና በአርሊንግተን ግን ውሃው የሚታከመው ክሎሪን ከአሞኒያ ጋር ተዋሕዶ በሚገኘው በክሎራሚን ነው፤ ክሎራሚን ደግሞ በማሳደር አይጠፋም። በየፀደዩ ለጥቂት ሳምንታት ወደ ክሎሪን ስለሚቀይሩም የውሃው ሽታ ይለወጣል። ክሎሪን ለማጥፋት ውሃው ላይ የምንጨምረው ጠብታ ክሎራሚንን ሲሰብረው አሞኒያ ይለቃል፤ ስለዚህ አሞኒያውንም የሚያስር ጠብታ መምረጥ ይገባል። የምትኖሩበት ከተማ ውሃውን በምን እንደሚያክም ለማወቅ ለውሃ አገልግሎቱ መደወል በቂ ነው።

በኅዳር 2023 እንደገና ሞከርኩ። በዚህ ጊዜ ዓሦቹን ከሩቅ አላስመጣሁም፤ ከቤቴ የግማሽ ሰዓት መንገድ ያለ ሱቅ የዱር ካርዲናሎች እንዳስመጣ ሰማሁና ሄጄ ቀብድ ከፍዬ ለሁለት ሳምንት እዚያው እንዲቆዩልኝ ለመንኩ። በጉዞ ድካም የሚሞቱት አብዛኛዎቹ የሚሞቱት በእነዚያ ቀናት ነውና። ከመግዛቴ በፊት ሱቁን ሦስት ነገር ጠየቅሁ፦ መቼ ገቡ፣ ፒኤቹና ቲዲኤሱ ስንት ነው፣ ምን እየበሉ ነው። ከዚያ «ፊቴ መግቧቸው» አልኩ። ሲበላ ያላያችሁትን የዱር ዓሣ አትግዙ፤ ከምክሮቼ ሁሉ አንዱን ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ።

ለይቶ ማቆያው 75 ሊትር የሚይዝ ባዶ ገንዳ ነበር። የስፖንጅ ማጣሪያውን ለ6 ሳምንት በትልቁ ገንዳ ውስጥ አቆይቼው ስለነበር አስፈላጊዎቹ ባክቴሪያዎች ሰፍረውበታል። ሦስት እጅ የተጣራ ውሃ ከአንድ እጅ የቧንቧ ውሃ ጋር ቀላቅዬ ቲዲኤሱን 70 አደረስኩት፤ ሙቀቱን 27 ዲግሪ ላይ አቆምኩት። ወለሉ ላይ በመከር ከመንገድና ከፀረ ተባይ ርቆ ከሚገኝ ጫካ የለቀምኩትን፣ ዛፉ ላይ ደርቆ የወደቀ የኦክ ቅጠል አጥቤና አፍልቼ አነጠፍኩበት። ውሃው በሦስት ቀን ቀጭን ሻይ መሰለ። ሦስቱን ጎኖች በጥቁር ወረቀት ሸፈንኩ፣ ለሁለት ቀን መብራት አላበራሁም፣ ልጆቼም መስታወቱን እንዳይነኩ ተገዘቱ። የገዛኋቸው 30 ዓሦች ከገቡ በኋላ የመጀመሪያውን ቀን ቅጠሉ ሥር ተደብቀው ዋሉ፤ በሁለተኛው ቀን ማታ ግን በባትሪ ብርሃን ሳሾልቅ በአንድነት ሲዋኙ አየኋቸው።

ምግብን በተመለከተ፣ ከወንዝ የመጣ ዓሣ በጣሳ የሚሸጠውን ደረቅ ቅንጣት ምግብ መሆኑን አያውቅም፤ ይተፋዋል፣ ወይም ሲወድቅ ዝም ብሎ ያየዋል። የበላ ይመስላችኋል፣ እርሱ ግን ይከሳል። ስለዚህ አርቴሚያ የተባለውን፣ በጨው ውሃ የሚኖር ሽሪምፕ መሰል ጥቃቅን እንስሳ አስፈለፈልኩ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 25 ግራም ያህል ጨው አሟሙታችሁ፣ እንቁላሉን ጨምራችሁ አየር እየነፋችሁ በሞቃት ቦታ ስታቆዩት ከ24 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ተፈልፍሎ ብርቱካናማ ጥቃቅን እንስሳት ይሆናል። በጥሩ ጨርቅ አጥልላችሁ፣ ጨዉን አጥባችሁ ትሰጣላችሁ። ዓሦቹ የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያዩ ጊዜ አላጠፉም፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሁሉም ሆድ ብርቱካናማ ሆነ። በቀን ሦስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት እየሰጠሁ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደረቁን ምግብ በጣቴ እንደ በርበሬ አድቅቄ ከአርቴሚያው ጋር መቀላቀል ጀመርኩ፤ በወሩ ሁሉንም ለመዱ።

በሦስተኛው ሳምንት ከሁለቱ ዓሦች ፊንጢጣ ቀይ ክር የመሰለ ነገር ወጥቶ አየሁ። ካማላነስ የሚባለው የአንጀት ትል ነው። ትልቁ ገንዳ ውስጥ ሆነው ቢሆን ኖሮ ኮሪዶራሶቹን ሁሉ ይበክል ነበር። መድኃኒቱ ሌቫሚዞል ነው፤ በአገራችን ለበግና ለፍየል ትል ከሚሰጡት አንዱ። በሊትር 2 ሚሊ ግራም አድርጌ ጨመርኩ፣ ከማጣሪያው ከሰል ካለ መውጣት አለበት፣ መድኃኒቱ ብርሃን ስለሚያበላሸው ገንዳውንም በብርድ ልብስ ሸፈንኩት። ሌቫሚዞል ትሉን ያሽመደምደዋል እንጂ ወዲያው አይገድለውም፤ ስለዚህ በ24 ሰዓት ውስጥ ወለሉን በቱቦ ስቦ የወደቁትን ትሎች ማውጣትና ውሃውን መቀየር ግዴታ ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደገምኩት። በዚህ ምክንያት ለአንድ ወር የታሰበው ማቆያ ሁለት ወር ሊሞላ ትንሽ ቀረው፤ ባለቤቴ ስለ ብርድ ልብሱ ያለችውን እዚህ አልጽፍም።

ከ30ዎቹ ሁለቱ በማቆያው ሞቱ፣ 28ቱ ጥር 2024 ወደ ትልቁ ገንዳ ተሻገሩ። ከፊተኞቹ የተረፉት 3 አሮጌዎች በመጀመሪያው ሰዓት መንጋው ውስጥ ገቡ። አሁን አብረዋቸው የሚኖሩት ሞቃት ውሃ የሚችሉ ስተርባይ ኮሪዶራሶች፣ 8 ፔንስልፊሾችና ራም የተባሉ አንድ ጥንድ ዓሦች ናቸው፤ ሁሉም ለስላሳና ከ26 እስከ 28 ዲግሪ የሞቀ ውሃ የሚወዱ ናቸው። በየሳምንቱ የምቀይረው ውሃ አስቀድሞ ተቀላቅሎና ሞቆ ያድራል፤ ዓሦቹ ሲቀየር አያስተውሉትም ማለት እችላለሁ። በወንዙ አብዛኛዎቹ ካርዲናሎች ከአንድ ዓመት ብዙም አያልፉም፤ ከፊተኞቹ አንዱ ግን እኔ ዘንድ ሦስት ዓመት አልፎታል።

በቅርቡ አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ የገንዳውን ፎቶ አይቶ እርሱም መጀመር እንደፈለገ ነገረኝ። የተጣራ ውሃ ውድ ስለሆነበት የክረምቱን ዝናብ ሊያጠራቅም አስቧል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ የዝናብ ውሃ ለስላሳ ነው። ሆኖም ከቆርቆሮ ጣራ ላይ የወረደውን እንዳይጠቀም አስጠንቅቄዋለሁ፤ ከቆርቆሮው የሚለቀቀው ዚንክ ለዓሣ መርዝ ነው፣ በለስላሳ ውሃ ውስጥ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። ንጹሕ ላስቲክ ሜዳ ላይ ወጥሮ በቀጥታ ከሰማይ ይቀበል። የአዲስ አበባ አየር ከባሕር ጠለል አጠገብ ካለው በሩብ ያህል ስለሚሳሳ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል፤ ውሃው ሲሞቅ ደግሞ ይበልጥ ይቀንሳል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ የሚሠራ በባትሪ ድንጋይ የሚነፋ አየር መንፊያ ከማሞቂያው በፊት እንዲገዛ ነገርኩት። ማጣሪያው ባክቴሪያ እስኪይዝ ዓሣ ሳያስገባ፣ ለባክቴሪያው አሞኒያ እንዲገኝ ጥቂት የዓሣ ምግብ እየጣለ 6 ሳምንት እንዲያሠራው ስነግረው «ታዲያ 6 ሳምንት ምን ልይ?» አለኝ። ውሃውን፣ አልኩት።